«ሞተሩ ተበላሽቶ ነው» ያላለው ሰው

ዝናብ ነው፤ ዝናብ ብቻም ሳይሆን ጉም ጭምር። ቦታው ጃፓን፣ ከፉጂ ተራራ ግርጌ ያለ የመኪና መወዳደሪያ ነው። ቀኑ ኦክቶበር 24 ቀን 1976። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓመቱ የመጨረሻው የፎርሙላ ዋን ውድድር ሊጀመር ነው። ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ 68 ነጥብ ይዟል፤ እንግሊዛዊው ጄምስ ሃንት 65። ዛሬ ከሁለቱ አንዱ የዓለም ሻምፒዮን ይሆናል።

መንገዱ ላይ ውኃ ተኝቶበት ውድድሩ ለረጅም ጊዜ ዘገየ። አሽከርካሪዎቹ እንወዳደር አንወዳደር እያሉ ተከራከሩ። አዘጋጆቹ ግን የሚጠብቃቸው የቴሌቪዥን ስርጭት ነበር፤ ቀኑም እየመሸ ነው። በመጨረሻ ተጀመረ። ላውዳ ሁለት ዙር ነዳ። ከዚያ ቀዩን ፌራሪ መካኒኮቹ ወዳሉበት አስገብቶ ወረደ።

መኪናው ምንም አልሆነም። የፌራሪው ዋና መሐንዲስ ማውሮ ፎርጊዬሪ ግን ወዲያው ማምለጫ አቀረበለት፤ ሞተሩ ተበላሽቶ ነው ብለን እንናገር አለው። ማንም ሊያጣራው የማይችል፣ የሰውየውንም የቡድኑንም ክብር የሚጠብቅ ትንሽ ውሸት ነው። ላውዳ አልተቀበለም። የመልሱ ሐሳብ ይህ ነበር፦ ሞተሩ ደህና ነው፤ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ባለ ውኃ ላይ መንዳት እብደት ነው።

ሃንት በዚያ ዝናብ እየነዳ ሦስተኛ ወጣና 4 ነጥብ አገኘ። 69 ለ 68። ዋንጫው በአንድ ነጥብ ሄደ።

ብዙዎቻችሁ ይህን ታሪክ በ2013 ከወጣው «ረሽ» ከተባለው ፊልም ታውቁት ይሆናል። ፊልሙ 1976 ላይ ያበቃል። ለእኔ ግን የሰውየው ትልቁ ፈተና የመጣው ከዚያ 15 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ታይላንድ ውስጥ ባለ ጫካ ነው። የዚያ ታሪክ ጫፍ ደግሞ የእኛው ቢሾፍቱ አጠገብ ይደርሳል። በቅደም ተከተል ልሂድበት።

1. ሕይወቱን ያስያዘው ልጅ

ኒኪ ላውዳ በ1949 ቪየና ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። የቤተሰቡ ሀብት ከወረቀት ሥራ የመጣ ነው። አያቱ ሃንስ ላውዳ በኦስትሪያ የታወቁ የኢንዱስትሪ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ ልጁን በቢሮ ወንበር ላይ እንጂ በእሽቅድምድም መኪና ውስጥ ማየት አልፈለገም። እንዲያውም አንድ ባንክ ስፖንሰር ሊሆነው ከተስማማ በኋላ፣ በባንኩ ውስጥ ተሰሚነት የነበራቸው አያቱ ጣልቃ ገብተው አስቀሩበት።

ወጣቱ ወደ ሌላ ባንክ ሄደ። የሕይወት ኢንሹራንሱን አስይዞ ወደ 30,000 ፓውንድ ተበደረና በ1971 ማርች በሚባለው ቡድን ውስጥ ቦታ ገዛ። ልብ በሉ፤ ቤት አላስያዘም፣ መሬት አላስያዘም። ያስያዘው የሞቱን ዋጋ ነው። ቢሞት ባንኩ ገንዘቡን ያገኛል፤ ቢኖር ራሱ እየሠራ ይከፍላል።

የ1972ቱ የማርች መኪና የማይረባ ሆነ። ላውዳ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ በፎርሙላ ዋን አንድም ነጥብ አላገኘም። ዕዳው ግን እንዳለ ነበር። እንደገና ተበድሮ በ1973 ቢአርኤም ወደተባለው ቡድን ገባ። እዚያ አብሮት የሚነዳው ስዊዘርላንዳዊው ክሌይ ሬጋዞኒ ወደ ፌራሪ ሲመለስ፣ ሽማግሌው ኤንዞ ፌራሪ ስለዚያ ቀጭን ኦስትሪያዊ ጠየቁት። ሬጋዞኒ አሞገሰው። ፌራሪም በ1974 ቀጠረው፤ የባንክ ዕዳውም በዚያ ገንዘብ ተዘጋ።

ላውዳ ተመልካችን የሚያስጨበጭብ አነዳድ አልነበረውም። መኪናውን አያንሸራትትም፣ ጎማ አያስጮኽም። ቀኑን ሙሉ መኪናውን እየሞከረ፣ ከመካኒኮቹ ጋር እያስተካከለ ይውላል። «ኮምፒውተሩ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። በ1975 አምስት ውድድር አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፌራሪ ከ1964 ወዲህ የአሽከርካሪዎችን ዋንጫ ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

2. ሞት የሥራው አካል የነበረበት ዘመን

የዛሬው ፎርሙላ ዋን ተመልካች መኪና በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግድግዳ መትቶ፣ አሽከርካሪው ልብሱን አራግፎ ሲወጣ ማየት ለምዷል። ያኔ እንዲህ አልነበረም። የላውዳ አገር ልጅ ዮከን ሪንት በ1970 ሞንዛ ላይ ሞተ፤ የዓለም ሻምፒዮንነቱ የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። በ1973 ሮጀር ዊሊያምሰንና ፍራንሷ ሴቨር ሞቱ። በ1974 ፒተር ሬቭሰንና ኦስትሪያዊው ሄልሙት ኮይኒግ። በ1975 ማርክ ዶናሂው። በየዓመቱ ከሚወዳደሩት ሃያና ሠላሳ ያህል ሰዎች መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይኖሩ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የዊሊያምሰን ሞት ይብሳል። ሆላንድ፣ ዛንድፎርት ላይ መኪናው ተገልብጦ ተቃጠለ። ሰውየው በሕይወት ነበር። ዴቪድ ፐርሊ የተባለ ሌላ አሽከርካሪ የራሱን መኪና አቁሞ ሮጠና የሚነደውን መኪና ብቻውን ሊያቃና ታገለ። የመንገዱ ዳር ሠራተኞች እሳት የሚከላከል ልብስ አልነበራቸውም። ሌሎቹ አሽከርካሪዎች ፐርሊን ሲያዩ የተቃጠለው መኪና ነጂ ራሱ ወጥቶ የቆመ መስሏቸው አለፉ። ውድድሩ አልቆመም። ከሚያልፉት መኪኖች በአንዱ ውስጥ ኒኪ ላውዳ ነበር።

ይህን የማነሳው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። ላውዳ ከመጀመሪያው ቅዱስ እንዳልነበረ እንድናውቅ ነው። ያ ዘመን ሁሉንም በአንድ ወንፊት ያጠራቸው ነበር፤ ብትነዳ ወንድ ነህ፣ ብትጠይቅ ፈሪ ነህ። ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት ስለ ቀበቶ፣ ስለ ሐኪምና ስለ መንገድ ዳር መከላከያ ሲጮኽ የስፖርቱን ውበት አጠፋኸው እያሉ ሲወርዱበት ኖረዋል። ስቱዋርት በ1973 መጨረሻ መንዳት አቆመ። ጩኸቱን ማን ይረከበው ነበር ጥያቄው።

3. ኑርበርግሪንግ

ጀርመን ውስጥ ያለው የድሮው ኑርበርግሪንግ አንዱ ዙር 22.8 ኪሎ ሜትር ነበር። በደን ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል። በአንዱ በኩል ፀሐይ ሲሆን በሌላው ዝናብ ሊሆን ይችላል። ያን ያህል ርዝመት ባለው መንገድ ላይ በየቦታው የእሳት አደጋ መኪናና ሐኪም ማቆም አይቻልም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከእርዳታው ርቀህ ከተጋጨህ ትቃጠላለህ።

ላውዳ በ1976 ውድድሩ ከመደረጉ በፊት ጓዶቹን ሰበሰበና እዚህ አንወዳደር አላቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1975፣ በዚያ መንገድ ላይ አንዱን ዙር ከ7 ደቂቃ በታች የነዳ የመጀመሪያው ሰው ላውዳ ራሱ ነው፤ 6 ደቂቃ ከ58.6 ሰከንድ። ስለዚህ «ስላልቻለ ነው» ሊሉት አይችሉም። መንገዱን ከማንም በላይ የሚችለው ሰው ነው መንገዱ ይገድላል ያለው። ድምፅ ተሰጠ። አብዛኞቹ እንወዳደር አሉ። ላውዳም የብዙኃኑን ውሳኔ ተቀብሎ ኦገስት 1 ቀን መኪናው ውስጥ ገባ።

በሁለተኛው ዙር መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ግርቡን መታና በእሳት ተያይዞ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ከኋላ የመጣ መኪናም መታው። የራስ ቁሩ ወልቋል። እሳቱ ውስጥ ገብተው ያወጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አይደሉም፤ አብረውት ሲወዳደሩ የነበሩ አራት አሽከርካሪዎች ናቸው፦ አርቱሮ ሜርዛሪዮ፣ ጋይ ኤድዋርድስ፣ ብሬት ላንገርና ሃራልድ ኤርትል። ቀበቶውን የፈታለት ሜርዛሪዮ በ1973 የፌራሪ አሽከርካሪ የነበረ፣ በ1974 እነ ላውዳ ሲገቡ ቦታውን ያጣ ሰው ነው። ከዛንድፎርት ሦስት ዓመት በኋላ፣ በዚህ ቀን፣ አላፊዎቹ ቆሙ።

ላውዳ ፊቱና ራሱ ተቃጥሏል፤ የቀኝ ጆሮው አብዛኛው ክፍል ጠፍቷል። ከዚያ የባሰው ግን የተነፈሰው መርዛማ ጭስ ነበር፤ ሳንባውን ጎዳው። ሆስፒታል ሳለ ቄስ መጥቶ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሰለት። ፎርሙላ ዋን ከዚያ ዕለት በኋላ ወደ ድሮው ኑርበርግሪንግ አልተመለሰም። በሚቀጥለው ዓመት የጀርመን ውድድር ወደ ሆከንሃይም ሄደ። ድምፅ ሰጪዎቹ ያልተቀበሉትን እሳቱ አስፈጸመው።

4. ፍርሃትና እውነት

ከ42 ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 12፣ ላውዳ ሞንዛ ላይ ተመልሶ መኪና ውስጥ ተቀመጠ። ቁስሉ አልደረቀም፤ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ፋሻው በደም ርሶ ነበር። አራተኛ ወጣ። ዓለም ጉድ አለ። ፍርሃቱን እንዳሸነፈ ለጋዜጠኞች ተናገረ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ግን ያ ንግግር ውሸት እንደነበር ራሱ አመነ። ሞንዛ ላይ በፍርሃት ደርቆ ነበር፤ ያላመነው ተፎካካሪዎቹ ድክመቱን እንዳያውቁበት ነው። ስለዚህ እውነተኛ ሆኖ የተወለደ ሰው አይደለም። መዋሸት ይችል ነበር፤ ዋሽቷልም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ፉጂ ላይ ያደረገው ነገር ክብደት የሚያገኘው ለዚህ ነው። እዚያ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ቀርቦለት ነበር፤ እሱ ግን አልወሰደውም።

የጣሊያን ጋዜጦች ፈሪ አሉት። ከዚያ ሁሉ እሳት ወጥቶ በ42 ቀን የተመለሰ ሰው፣ ሁለት ዙር ነድቶ ስላቆመ ፈሪ ተባለ። እኛም ዘንድ «ፈሪ ለእናቱ» እየተባለ ይቀለድ የለ? የሚገርመው በዚያ ቀን ላውዳ ብቻውን አልነበረም። ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረው ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲም በፈቃዱ አቁሟል። በእርግጥ ዝናቡ በኋላ ቀነሰ፤ መንገዱም እየደረቀ ሄደ። ላውዳ ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ዋንጫው የእሱ ሊሆን ይችል ነበር። ግን ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በሚታወቀው ነገር ነው፤ በኋላ በሚጠራ ሰማይ አይደለም። ላውዳም በዚያ ውሳኔ አልተጸጸተም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1977፣ ከፌራሪ ጋር ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። ሁለት ውድድር ሲቀር ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠና ጥሏቸው ሄደ። ትቀጥላለህ ወይ ብለው የተጠራጠሩትን ሰዎች የተሰናበተው በዋንጫ ነው።

5. ግማሽ ነጥብ

በ1979 ካናዳ ላይ፣ በልምምድ መካከል፣ በክብ መንገድ መዞር ሰለቸኝ ብሎ ተወው። በዚያው ዓመት ላውዳ ኤር የተባለ አየር መንገድ አቋቋመ። ራሱም የአብራሪነት ፈቃድ አውጥቶ ካፒቴን ሆኖ ያበር ነበር።

በ1982 ወደ ውድድሩ ተመለሰ፤ የዚህ ጊዜ ቡድኑ ማክላረን ነው። የመጀመሪያው ውድድር ደቡብ አፍሪካ፣ ኪያላሚ ነበር። አሽከርካሪዎቹ እንዲፈርሙበት በቀረበላቸው የፈቃድ ውል ውስጥ ለአሠሪ ቡድኖቻቸው የሚያስራቸው አንቀጽ ነበረበት። ላውዳ ውሉን አንብቦ ወጥመዱን አየ። ከዲዲዬ ፒሮኒ ጋር ሆኖ አሽከርካሪዎቹን በአውቶቡስ ጫነና ሆቴል አስገባቸው። ቡድኖቹ አንድ በአንድ እንዳያግባቡባቸው ሁሉም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። በማግስቱ ስምምነት ተደርሶ ወደ ውድድሩ ተመለሱ። ከስድስት ዓመት በፊት በድምፅ የተሸነፈው ሰው፣ አሁን ብቻውን መጮኽ እንደማይበቃ ገብቶት ነበር።

በ1984 ሦስተኛውን ዋንጫ ወሰደ። አብሮት በማክላረን የሚነዳው ፈረንሳዊው አለን ፕሮስት ፈጣን ነበር፤ በዚያ ዓመት ፕሮስት ሰባት፣ ላውዳ አምስት ውድድር አሸንፈዋል። በመጨረሻ ግን 72 ለ 71.5፤ ላውዳ በግማሽ ነጥብ በለጠ። ዝናብ በ1976 በአንድ ነጥብ ነሥቶት ነበር። በ1984 ደግሞ ሞናኮ ላይ ውድድሩ በዝናብ ምክንያት ተቋርጦ አሸናፊው ፕሮስት የድሉን ነጥብ ግማሽ ብቻ ማግኘቱ ለላውዳ ጠቀመው። በ1985 መጨረሻ ለሁልጊዜው ሲያቆም 25 ድልና 3 ዋንጫ ነበረው።

6. ሞዛርት

ሜይ 26 ቀን 1991። በእኛ ግንቦት 18 ቀን 1983 ዓ.ም ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ቀን ቀርቶት አዲስ አበባ ትንፋሿን ውጣ የምትጠብቅበት ሰዓት። በዚያ ሌሊት ከሆንግ ኮንግ ተነሥቶ ባንኮክ ያረፈው የላውዳ ኤር ቦይንግ 767 ወደ ቪየና ለመብረር ተነሣ። የአውሮፕላኑ ስም «ሞዛርት» ነበር።

አየር ላይ ጥቂት ደቂቃ እንደቆዩ አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። አብራሪዎቹ መመሪያውን ገልጠው አዩ። መመሪያው ምንም ማድረግ አያስፈልግም ይላል። ከተነሡ ሩብ ሰዓት ሲሆናቸው፣ አውሮፕላኑ ከፍታ እየጨመረ ሳለ፣ የግራው ሞተር ትረስት ሪቨርሰር ተከፈተ። ይህ አውሮፕላኑ መሬት ከነካ በኋላ የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት አዙሮ ፍጥነቱን የሚገታ መሣሪያ ነው። አየር ላይ ሲከፈት አንዱ ክንፍ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይጎትታል ማለት ነው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ተሰባብሮ ታይላንድ ውስጥ ሱፓን ቡሪ በተባለ ክፍለ ሀገር ጫካ ውስጥ ወደቀ። 213 መንገደኞችና 10 የበረራ ሠራተኞች፣ በጠቅላላው 223 ሰዎች ሞቱ። ሰው የሞተበት የመጀመሪያው የቦይንግ 767 አደጋ ነበር።

ላውዳ ወዲያው ወደ ታይላንድ በረረ። በስብርባሪው መካከል ተራመደ። ማንነታቸው ሊለይ ያልቻለ ተሳፋሪዎች በአንድነት ሲቀበሩም ቆሞ አለቀሰ። በኋላ እንደተናገረው፣ ያኔ ያሰበው አንድ ነገር ነው። በእሽቅድምድም መኪና ውስጥ ሕይወቴን አደጋ ላይ ብጥል ምርጫው የእኔ ነው። ትኬት ቆርጦ የእኔ አውሮፕላን ላይ የወጣ ሰው ግን ተመልሶ ቤቱ እንደሚገባ አምኖ ነው የወጣው። ስለዚህ ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነ ዘግቶ ሊሄድ ቆረጠ። ጥፋቱ የአምራቹ ከሆነ ደግሞ አምራቹ መናገር አለበት።

አምራቹ አልተናገረም። ወራት አለፉ። ቦይንግ አውሮፕላኑ ፈቃድ ሲያገኝ ሪቨርሰሩ አየር ላይ ቢከፈት አብራሪው ሊቆጣጠረው ይችላል ተብሎ ነበር። ያ ሙከራ ግን የተደረገው በዝቅተኛ ከፍታና በዝግታ ነው። ላውዳ ወደ ሲያትል ሄዶ በቦይንግ ሲሙሌተር ላይ ልሞክረው አለ። መጀመሪያ ከለከሉት፤ ሙጭጭ ሲል ፈቀዱለት። 15 ጊዜ ሞከረ። የሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ የ767 ካፒቴን፣ 15 ጊዜ ተከሰከሰ።

ከዚያ ይህንኑ በመግለጫ አውጡ አላቸው። የሕግ ክፍሉ ቃላቱን ለማስተካከል ሦስት ወር ይፈጃል አለው። ላውዳ ለማግስቱ ጋዜጣዊ መግለጫ ጠራና አንድ ጥያቄ አቀረበ፦ አብራሪ ሊቆጣጠረው ይችላል የምትሉ ከሆነ አንድ 767 አምጡ፤ ሁለት አብራሪዎቻችሁ ይንዱ፣ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ፣ አየር ላይ ሪቨርሰሩን ክፈቱት። አይሆንም አሉት። እንግዲያው እንደማይሆን ጻፉ አላቸው። ጻፉ። አደጋው ከደረሰ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። በኋላ በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ ሪቨርሰሩ አየር ላይ እንዳይከፈት ተጨማሪ መቆለፊያ ተገጠመ። ዛሬ በ767 የሚሄድ ሰው ሁሉ በዚያ መቆለፊያ ተጠብቆ ነው የሚሄደው።

እስቲ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ፉጂ ላይ ሞተሩ ደህና ሳለ፣ ሞተሩ ነው በል ተባለ፤ አይደለም አለ። ታይላንድ ላይ ጥፋቱ ከሞተሩ ሳለ፣ ሞተሩ ነው የሚል ጠፋ፤ አስባላቸው። ሁለተኛውን ለመጠየቅ የሞራል አቅም ያገኘው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከመጀመሪያው ነው።

7. መጋቢት 1

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም፣ እሑድ ጠዋት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲበር፣ ስድስት ደቂቃ ሳይቆይ ቢሾፍቱ አቅራቢያ እርሻ ላይ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ አዲስ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከአምስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሁለተኛው ማክስ ነው፤ ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል።

ሁላችንም የዚያን ዕለት ፎቶ እናስታውሳለን። የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም በሱፍ ልብሳቸው የተቆፈረው አፈር መካከል ቆመው ስብርባሪ ይዘው ሲያዩ። ላውዳ ታይላንድ ጫካ ውስጥ የቆመበት ቦታ ነው ያ።

ቀጥሎ የመጣውንም እናስታውሳለን። የአብራሪዎቹ ሥልጠና ምን ያህል ነው? ልምዳቸውስ? ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ፣ ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር። በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ይወጣው ነበር የሚል ድምፅ ተሰማ። ኤፕሪል 4 ቀን 2019 የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ ባቀረቡት የመጀመሪያ ሪፖርት ግን አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን ሥርዓት መከተላቸው ተገለጸ። ኤምካስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ከአንድ የመለኪያ መሣሪያ በመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይደፋ ነበር። በ1991 አብራሪዎቹ መመሪያውን ገልጠው ነበር። በ2019 ደግሞ አብራሪዎቹ የአምራቹን ሥርዓት መከተላቸው ተገለጸ።

ሁለቱ አደጋዎች አንድ ናቸው አልልም። አንዱ የብረት፣ ሌላው የሶፍትዌር ጉድለት ነው። አንድ የሆነው ጣት የሚቀሰርበት አቅጣጫ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ሞቱት። ቦይንግ ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስከፍለውን ስምምነት የፈረመው በጃንዋሪ 2021 ነው። ከቢሾፍቱው አደጋ ሟቾች ቤተሰቦች ጋር በተደረሰ ስምምነት ኃላፊነቱን የወሰደውና ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ እንደማያላክክ በፍርድ ቤት ያረጋገጠው ደግሞ በኖቬምበር 2021። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን እናት ልጇን ቀብራ «ልጄ ነው ወይ ያጠፋው?» እያለች የምታድርባቸው ሌሊቶች ቁጥራቸው ስንት ነው?

ኒኪ ላውዳ ያን ንጋት አላየም። የቢሾፍቱው አደጋ ከደረሰ በ71ኛው ቀን፣ ሜይ 20 ቀን 2019፣ በ70 ዓመቱ አረፈ። በ1976 ጭስ የጎዳው ሳንባው ከሞቱ ዘጠኝ ወር ገደማ በፊት በሌላ ተተክቶለት ነበር። ሬሳ ሣጥኑ ቪየና በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ሲያርፍ የራስ ቁሩ ከላዩ ተቀምጦ ነበር።

8. ሲስተም የለም

የዚህን ሰው ታሪክ ለምን ዛሬ አነሣሁት? «ሞተሩ ተበላሽቶ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እኛም በደንብ ስለምናውቀው ነው። በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» ይባላል። ባለፈው ወር እኔ ራሴ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ ሦስቱንም ቀን ሲስተም የለም። በአራተኛው ቀን አንዲት ሠራተኛ በሹክሹክታ «ወንድሜ፣ ሲስተሙማ አለ፤ የሚፈርመው ሰው ነው የሌለው» አለችኝ። ሳቅሁ፣ ግን አዘንኩም። እውነቱን በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ ቤቴ እቀመጥ ነበር።

ይህ ትንሽ ነው። ትልቁ የሚመጣው ያው ልማድ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ድልድይ ሲፈርስ ዝናቡ ነው፤ አውቶቡስ ገደል ሲገባ ሹፌሩ ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ሞቷል፣ አይመልስም። ማቆም የነበረበት ሰው ያላቆመው ፈሪ እንዳይባል ነው። ያቆመውም ሰው ለምን እንዳቆመ አይናገርም፤ እሱም ያው ፈሪ እንዳይባል ነው። በሁለቱም በኩል የሚከፍለው ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው።

ላውዳ ከመሞት መሰንበት ይሻላል ያለ ሰው ብቻ አይደለም፤ እንዲያ ብሎ ሞተሩ ላይ ማላከክ ይችል ነበር። ያቆመበትን ምክንያት በስሙ ፈርሞ ዋንጫ ከፈለበት። በኋላ ሌላውን «ፈርም» ሲል ማንም «አንተስ?» ሊለው አልቻለም። ተጠያቂነት የሚባለው ነገር ከሕግ በፊት የሚጀምረው እዚህ ይመስለኛል።

በአማርኛችን ሹፌሩ የሚጨብጠውም፣ ሕዝብ የሚከተለውም ስማቸው አንድ ነው፤ መሪ። መሪ የጨበጠ ሰው ፍጥነቱን ሲጨምር ብዙ አጨብጫቢ ያገኛል። ዝናቡ ሲበረታ ግን ከመንገዱ ወጥቶ ቆሞ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ያቆምኩት እኔ ነኝ የሚለውን ፈሪ ከማለታችን በፊት እስቲ ከኋላ የተቀመጡትን እንቁጠር።

ቸር እንሰንብት።